ወንበርና ዐውደ ምሕረት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «እገሌ መጽሐፍ ያውቃል» እና «እገሌ ስብከት ይችላል» ለየቅል የሆኑ ምስክርነቶች ናቸው። ስለ መጀመሪያው የሚጠየቀው ወንበሩ ነው፤ ከማን ተማረ? ብሉዩን ነው ሐዲሱን የሄደው? ማን መርቆ አሰናበተው? ስለ ሁለተኛው የሚወራው ድምፁ፣ የንግግሩ አወራረድና ሕዝቡን ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ጊዜ አለ፤ እንዲገናኙ የሚያስገድድ ሥርዓት ግን ለዘመናት አልነበረም። የመጽሐፍ ትምህርቱ ጥራት ተጠብቆ የኖረው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ባለች ጎጆ፣ መጻሕፍት ቤት በሚባለው ጉባኤ ውስጥ ነው።

ወደዚህ ቤት የሚገባው ልጅ አይደለም። ፊደል ቆጥሮ፣ የዮሐንስን መልእክት ከቁጥር እስከ ቁም ንባብ ተወጥቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ቤት ጥቂትም ሆነ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከዚያም ቅኔ የተቀኘ ጎልማሳ ነው። ቅኔ ቤቱ እንዲያው መንገድ ላይ የተገኘ ማረፊያ አይደለም። የግእዙ ግስና እርባ ቅምሩ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ አንድ ቃል ሰምም ወርቅም ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ተማሪው የራሱን ቅኔ እየቆጠረ የሚለምደውም እዚያ ነው። ዋሸራን ወይም ጎንጅን ረግጦ የመጣ ሰው መምህሩ «አንድም» ሲሉ ቢሰማ ግር አይለውም።

መጻሕፍት ቤቱ አራት ጉባኤ አለው። ብሉዩ 46ቱን፣ ሐዲሱ 35ቱን መጻሕፍት ይይዛሉ፤ ሁለቱ ተደምረው የቤተ ክርስቲያኒቱን 81 ይሞላሉ። ሦስተኛው ሊቃውንት ነው፤ ሃይማኖተ አበው፣ ቄርሎስ፣ ዮሐንስ አፈወርቅ የሚተረጐሙበት፣ ፍትሐ ነገሥቱና ባሕረ ሐሳቡም የሚጠጋበት። አራተኛው መነኮሳት ይባላል፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። አራቱንም የዘለቀ ሰው «አራት ዓይና» ይሰኛል። እንዲህ ያለው ሊቅ ከፊደል ጀምሮ ሲታሰብ ሃያና ከዚያም በላይ ዓመት በተማሪ ቤት ማሳለፉ የተለመደ ነው። አብዛኛው ተማሪ ግን አንዱን ጉባኤ፣ በተለይም ሐዲሱን፣ ይዞ ይወጣል።

ጉባኤው ሲዘረጋ መምህሩ መደብ ላይ ወይም ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ የግእዙን ኃይለ ቃል ያነባል፤ ብዙ አያነብም፣ አንድ ሐረግ ያህል ነው። መምህሩ ይቀበሉና በመጀመሪያ ነጠላውን፣ ማለት ቃሉ በቀጥታ በአማርኛ የሚለውን ብቻ ይሰጣሉ። ቀጥሎ አንድምታው ይመጣል፤ ሁለተኛው ፍቺ፣ ሦስተኛው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በመካከል «ስለምን እንዲህ አለ ቢሉ» ተብሎ ጥያቄ ይነሣል፣ መልሱም ይሰጣል። ታሪክ የሚያስፈልገው ቦታ ታሪክ ይገባል። ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ይጠቀስና «እንዲል» ይባላል። ብራናዎቹ የሚለያዩበት ቦታ ከሆነ ደግሞ «አብነት» ተብሎ ሌላው ንባብ ይነገራል፤ የተለያዩ ቅጂዎችን ማመሳከር የዩኒቨርሲቲ ሥራ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህ ሊያስገርመው ይገባል። ተማሪው ማስታወሻ አይዝም። የሰማውን ጉባኤው ከተነሣ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ይቀጽላል፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ይመራል፣ የሳተውን ያቀናል። ቃሉ በልብ ካልገባ ወደሚቀጥለው መሄድ የለም።

ሉቃስ የጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ እንውሰድ። በነጠላው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴ ያገኘው መንገደኛ ነው፤ አገሩ አገር፣ መንገዱም መንገድ ነው። ይህ በቅጡ ሳይያዝ ምሥጢሩ አይጀመርም። ከዚያ በኋላ መንገደኛው አዳም ይሆናል፤ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ሳምራዊው ጌታ፣ የእንግዳ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ። ይህን ምሥጢር ዛሬ ማንም ሰባኪ ያውቀዋል። ሰባኪው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ነጠላውን ነው፤ ሳይወርድ ይወጣል። በጉባኤው ግን ቅደም ተከተሉ የማይጣስ ነበር፣ ዛሬም ነው።

ሌላም ልዩነት አለ፤ እንደ እኔ ፍርድ ዋናው ይህ ነው። ሰባኪ የሚወደውን ጥቅስ ይመርጣል። ጉባኤ አይመርጥም። ማቴዎስ ሲጀመር ከትውልድ ቆጠራው ይጀመራል፣ አንድ ስም አይዘለልም፤ የተራራው ስብከት ያገኘውን ያህል ጊዜ ከባዱና ደረቁ ምዕራፍም ያገኛል። ከዳር እስከ ዳር የሄደ ሰው ያልተመቸውን ክፍል «አልደረስኩበትም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ከዚህም ሌላ ፍቺዎቹ አንዱ አንዱን ሳይሽር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተማሪው አንዱን ብቻ ይዞ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ብሎ እንዳይፎክር የሚያደርገው ይህ ልማድ ነው።

ጉድለቱንም መሸፈን አይገባም። ከላይ የጠቀስኩት «ቢሉ» ጠያቂ አእምሮ ያለ ያስመስላል፤ አለም፣ ግን ጥያቄውም እንደ መልሱ የተጠና ነው። በመምህሩ መምህር ዘመን ያልተጠየቀ ጥያቄ በተማሪው ዘመን በቀላሉ አይገባም። የሩቅ አገር ታሪክና መልክዐ ምድር በስሕተት ከገባ ስሕተቱም እንደ ቀለም ተጠብቆ ይወርዳል። ሴቶች ከዚህ ጉባኤ ውጭ ነበሩ። በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ሊቅነታቸው ታላቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ እንደ እሳቸው ያለች ሌላ ሴት መጥቀስ ስለሚቸግርም ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ቁራሹን የሚሰጠው ገበሬ ነው፤ የጉባኤው እንጀራ ከገበሬው ሌማት የወጣ ነው። ትርጓሜው የሚሰጠውም በዚሁ ገበሬ ቋንቋ፣ በአማርኛ ነው። ምሳሌዎቹ ሳይቀሩ ከእርሻው፣ ከግብሩ፣ ከንጉሡ ሰፈር የተቀዱ ናቸው። ገበሬው ግን አልሰማውም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ቅዳሴው በግእዝ ነው፤ የጳውሎሱም፣ የሐዋርያውም፣ የወንጌሉም ንባብ እንዲሁ። ቄሱ ብዙ ጊዜ ንባብና ቅዳሴ የተማረ እንጂ መጻሕፍት ቤት የገባ አልነበረም። ገበሬው መጽሐፉን ያወቀው ከግድግዳው ሥዕል፣ ከበዓሉ፣ ከተአምረ ማርያምና ከገድሉ ንባብ፣ ከንስሐ አባቱም ምክር ነው። በመላ አገሪቱ ከፍተኛው የመጽሐፍ ዕውቀትና ሰፊው ምእመን መቶ እርምጃ ተራርቀው ኖሩ።

እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው፤ በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በዓለም ላይ ካሉት የቆዩ ባለ ሥዕል ወንጌላት የሚቆጠሩ ናቸው። ትርጓሜው ግን ረጅም ጊዜ የግእዝ ሥራ ነበር፤ አብዛኛውም ከዐረብኛ የተመለሰ። ከየመን መጥተው የተጠመቁትና በኋላ የደብረ ሊባኖስ ዕጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በልብነ ድንግል ዘመን፣ የዮሐንስ አፈወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ወደ ግእዝ መልሰዋል። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ለሊቅ የተጻፉ ነበሩ።

ሕዝቡን የማስተማሩ ጉዳይ ያልታሰበበት አልነበረም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ካህናት በሰንበትና በበዓል ሕዝቡን ሰብስበው ሃይማኖት እንዲያስተምሩ አዘዋል። ትእዛዙ ከንጉሡ ጋር የሚኖር ትእዛዝ ነበርና ከእሳቸው በኋላ ተቋም ሆኖ አልቀጠለም። ተቋም ሊያደርገው ይችል የነበረው ጳጳሱ ነው፤ ጳጳሱ ደግሞ ከግብፅ የሚመጣ፣ የአገሩን ቋንቋ ብዙ ጊዜ ሳያውቅ የሚሞት ሰው ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስ፣ የተሾሙት በ1951 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ጳጳሱ ክህነት ይሰጣል፤ ትምህርቱን ማን ይጠብቀው? የጠበቀው መምህሩ ነው። ከላይ የመጣ ሥርዓተ ትምህርት የለም፣ ፈታኝ የለም፣ ምስክር ወረቀት የለም፤ ያለው ወንበር ነው። ይህ የወንበሩ ነጻነት ጥራቱንም ብቸኝነቱንም ወልዷል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አማርኛው እንዴት ገባ? መልሱ ከፊሉ ከካቶሊኮቹ ሚስዮናውያን፣ ከኢየሱሳውያን ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ ሚስዮናውያኑ ክርክሩን ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ ያካሂዱ ነበር። በግእዝ ብቻ መልስ መስጠት አላዋጣም፤ የተዋሕዶ ሊቃውንትም በአማርኛ መጻፍና ማስረዳት ጀመሩ። ሱስንዮስ በ1624 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። የሃይማኖት ትምህርት በአማርኛ መስጠቱ ግን አብሮ አልተባረረም። ፋሲለደስ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ሊቃውንቱ የሚሰበሰቡበት ከተማ ተገኘ፤ ቤተ መንግሥት አለ፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ ለካህናቱ ሰሞን መሬት አለ። አንድምታው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው እዚያ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚነሣው ስም መምህር ኤስድሮስ ነው፤ የ18ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሊቅ ናቸው። የመምህራኑ ትውፊት እንደሚለው በፊት የነበረው ትርጓሜ አላጠገባቸውም፤ ወደ ጣና ደሴቶች ገብተው በገዳማቱ ያሉትን መጻሕፍት ሲመረምሩ ሰባት ዓመት ቆዩ፣ ተመልሰውም ትርጓሜውን አዲስ አድርገው አቃኑት። የቀደመውን ይዘው የቀሩት ላይ ቤት፣ የእሳቸውን የተከተሉት ታች ቤት ተባሉ። (አቋቋም ቤትም ላይ ቤትና ታች ቤት አለውና የሁለቱን ወሬ የሚያደባልቅ አይጠፋም።) ዛሬ በየጉባኤው በብዛት የሚሰማው የታች ቤቱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ኤስድሮስ ያደረጉት ነገር ነው፤ የተቀበሉትን ትምህርት መልሰው በመጻሕፍት ፈተኑት። ወንበሩ ከዚያ ወዲህ በብዛት ያስተማረው ታማኝ መቀበልን ነው። ወንበሩን የተከሉት ሰው ግን ፈታኝ ነበሩ።

ትምህርቱ ከየት እንደ መጣ የመረመረው እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ ነው። በአዲስ አበባ ያስተማረ፣ ከመምህራኑ እግር ሥር ተቀምጦ የሰማ የአንግሊካን ካህን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1988 የታተሙት ሁለት ሥራዎቹ እስካሁን ዋና ማጣቀሻ ናቸው። የዮሐንስ ራእይ አንድምታ ከግብፅ ክርስቲያኖች የዐረብኛ ትርጓሜዎች፣ ከቡሉስ አል ቡሺና ከኢብን ካቲብ ቀይሰር፣ ጋር እንደሚዛመድ አሳይቷል። የሌሎቹ መጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ በብዙ ቦታ ወደ ሶርያው ትውፊት ይወስዳል። ከመንገዶቹ አንዱ ኢብን አጥ ጠይብ ነው፤ በ11ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የኖረ ሐኪም፣ ፈላስፋና ካህን። ይህ ሰው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ በእኛ መጻሕፍት አነጋገር ንስጥሮሳዊ። ንስጥሮስን በየቅዳሴውና በየድርሳኑ የሚያወግዘው ጎንደር የንስጥሮሳዊውን ሐኪም ፍቺ እየቀጸለ ኖረ። እኔ በዚህ አላፍርም፤ ጥሩ ፍቺ ሲያገኙ አስቀርተው፣ የማይስማማውን ጥለው አልፈዋልና። በዘመኑ ኢንተርኔት ላይ «መናፍቅ የጠቀሰውን ጠቀስክ» እየተባባሉ ለሚካሰሱት ግን ታሪኩ ቢነገራቸው አይከፋም።

ጎንደር ግን የጥናት ጸጥታ ብቻ የነበረባት ከተማ አይደለችም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የጸጋ ክርክር ሊቃውንቱን ለሁለት ለሦስት ከፍሎ፣ ቤተ መንግሥት ገብቶ፣ ደም እስከ ማፍሰስ ደርሷል። ለትርጓሜው ይህ ክርክር ጠቅሞታል ወይ? በከፊል አዎ፤ እያንዳንዱ ወገን ጥቅሱን ከነንባቡ አጥርቶ እንዲያውቅ አስገድዷል። በከፊል ደግሞ ፍቺውን የወገን መታወቂያ አድርጎታል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው ክርክሩን በተዋሕዶ አሸናፊነት ዘጉት። ከዚያ ወዲያ አንድ ትምህርት ተደላደለ። ቦሩ ሜዳ ሥላሴም መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበት ታላቅ ጉባኤ ቤት ሆነ።

ጎንደር ራሷ ግን ከቦሩ ሜዳ በፊት ጀምሮ እየወደቀች ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉም፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሰበሰቡትን መጽሐፍ መቅደላ አከማቹ፣ ከዚያም በ1860 የእንግሊዝ ጦር ወሰደው። ዛሬ በለንደኑ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ የሄዱ ከ300 በላይ ብራናዎች ይገኛሉ። በ1880 ደግሞ ድርቡሽ መጥቶ የቀረውን አቃጠለ። መጽሐፉ ሲሄድ ትምህርቱ አብሮ ያልጠፋው በልብ የተያዘ ስለ ነበር ነው። መምህራኑም ተማሪዎቻቸውም ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ሸዋ ተበተኑ፤ የሄዱበት ሁሉ ወንበር ተተከለ።

ሕትመት ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 የታተመው ከመጻሕፍት ቤት ወጥቶ አይደለም፤ ጎጃሜው አቡ ሩሚ በካይሮ ለፈረንሳዊው ዲፕሎማት ለአስለን ደ ሸርቪል የተረጐሙት ነው፤ ያሳተመውም የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነበር። ምእመኑ እጅ የገባው ጽሑፉ ያለ ትርጓሜ ነው ማለት ነው። ትርጓሜው ለመታተም ስምንት አሥርት ዓመት ያህል ፈጀበት። በ1916 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን፣ የአራቱ ወንጌል ንባብና አንድምታ ታተመ። ከኢየሩሳሌም የተመለሱት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም በዚያው ዓመት የሕዝቅኤልን ትርጓሜ ድሬዳዋ ላይ አሳተሙ። የጳውሎስ መልእክታት በ1948 ተከተሉ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ገልጦ ላየ ሰው አቀማመጡ ራሱ ይናገራል፤ ግእዙ በአጭሩ ይሰጣል፣ አማርኛው ገጹን ይሞላል። አማርኛው ግን የጎጆው አማርኛ ነው፤ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደሚናገሩት ያለ፣ ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ የተቆረጠ። አንባቢው በብዛት የሚሰናከለው በምሥጢሩ ጥልቀት ሳይሆን በዚህ ነው፤ ነጠላው የት አበቃ፣ አንድምታው የት ጀመረ፣ «እንዲል» ያለው የትኛውን ነው? መምህሩ በድምፃቸው የሚለዩትን ወረቀቱ አልለየለትም።

ሕትመቱ እየቀጠለ ጎጆዎቹ እየሳሱ ሄዱ። ግንቦት 1929 የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ባስፈጸመው የደብረ ሊባኖስ ግድያ የጣሊያኖቹ የራሳቸው ዘገባ እንኳ ከ400 በላይ መነኮሳትና ዲያቆናት መገደላቸውን ያምናል፤ ከኋላ የመጡ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ያልቁታል። ትምህርቱ በልብ ተይዞ በሚኖርበት አገር መነኩሴ ሲገደል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ ማለት ነው። ሁለተኛው ምት ደም አልነበረበትም፤ የካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ መምህሩ የሚተዳደርበት የቤተ ክርስቲያን መሬትም ሄደ። ተማሪው ከገበሬው መለመኑን አላቋረጠም። መምህሩ ግን በደመወዝ የሚኖር ሰው ሆነ፣ ደመወዙም ትንሽ።

በአዲስ አበባ በዚህ ጊዜ ሌላ በር ተከፍቶ ነበር። ቅድስት ሥላሴ በ1930ዎቹ አጋማሽ በትምህርት ቤትነት ጀምሮ ወደ መንፈሳዊ ኮሌጅነት አደገ፤ በንጉሡ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተጠቃለለበት ጊዜም ነበር። ደርግ ዘጋው፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ ተከፈተ። የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤትም ኮሌጅ ሆነ። ከዚህ የሚወጣው ሰው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ንጽጽራዊ ሃይማኖት፣ የስብከት ዘዴ ያውቃል፣ ዲግሪም ይዟል። አንድምታ በኮሌጁ ይሰጣል፤ ግን ከሌሎች ኮርሶች መካከል አንድ ኮርስ ሆኖ ነው። በጎጆው ዓመታት የሚወስደው ትምህርት እዚህ በሰሚስተር ይለካል።

ሦስተኛው በር ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በከተማ ያደገው፣ ዘመናዊ ትምህርት የተማረው ወጣት በአማርኛ ማወቅ ፈለገ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ ቅዱስ ጥናትን በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሲያስገቡ ጥያቄው በረታ፤ በጠረጴዛ ዙሪያ መጽሐፉን ገልጦ የሚጠይቀው ጓደኛው ለኦርቶዶክሱ ወጣት ዕረፍት ነሣው። ይህን ግፊት መካድ አያስፈልግም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተምሮ ማስተማርና ሃይማኖተ አበው የመሳሰሉት ማኅበራት፣ በ1984 የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም፣ በአንድ በኩል ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ማኅበረ ቅዱሳን ወጣቱን ከማስተማር ጎን ለጎን ጎጆዎቹን፣ ማለት የአብነት ትምህርት ቤቶችን፣ መርዳቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱንና ጎጆውን ለማገናኘት ከታሰቡት ጥቂት ሙከራዎች አንዱ ነውና።

ከዚያ ማይክሮፎን፣ ካሴት፣ ቪሲዲ፣ ዩቲዩብ በየተራ መጡ። ዘርዓ ያዕቆብ ያዘዙት ነገር በመጨረሻ ሆነ፤ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ በየሰንበቱ፣ በየበዓሉ ይማራል። የአዲስ አበባው ሰባኪ ዋሽንግተን ሄዶ ያስተምራል፤ ዱባይና ቤይሩት የምትሠራ እኅት ከሥራ ስትመለስ በስልኳ ታዳምጠዋለች። ከእነዚህ ሰባክያን መካከል ከመጻሕፍት ቤት የወጡ አሉ፤ ሲያስተምሩ ወዲያው ይታወቃሉ፣ ጥቅሱን ከዐውዱ አያወጡትም፣ ለማስጨብጨብ አይቸኩሉም። በብዛት ያሉት ግን ሌሎቹ ናቸው። ከኮሌጅም ሆነ ከጉባኤ ያልተላኩ፣ ሰምተው ያጠኑትን መልሰው የሚሰብኩ፣ ሦስት ጥቅስና አንድ ተረት ይዘው ሁለት ሰዓት የሚቆሙ። ሳይማሩ መናገራቸው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ሲሳሳቱ የሚያቀና ደቀ መዝሙር አጠገባቸው የለም። ቅጸላ የሌለው ጉባኤ ነው።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ይቀልል ነበር። ወንበሩ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ያወቀውን በራሱ ቋንቋ፣ ቁራሽ ለሚሰጠው ገበሬ ሳይነግር ቆይቷል። የሕዝቡ ጥማት ሲፈነዳ ቦታው ባዶ ነበር፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። በቤተ ክህነቱ የሊቃውንት ጉባኤ የሚባል ክፍል አለ፣ መጻሕፍት ሲታተሙ ይመረምራል፣ ስሕተት ሲነሣ ይጠየቃል። በየአጥቢያው ያለውን ዐውደ ምሕረት በየእሑዱ ሊያዳምጥ ግን አይችልም፤ የዩቲዩቡንማ ተዉት።

ዛሬ መጻሕፍት ቤቶቹ አልጠፉም። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ትግራይ፣ ሸዋ ውስጥ ወንበሮች አሉ፤ ሐዲሱ ብዙ ተማሪ አለው፣ ብሉዩ ያነሰ፣ ሊቃውንቱና መነኮሳቱ ከዚያም ያነሱ። የአንዳንዶቹ ጉባኤ ድምፅ ተቀድቶ በስልክ ይዞራል፤ ነርሷም፣ ሹፌሩም የታተመውን አንድምታ ከፍተው የመምህሩን ድምፅ እየሰሙ ይከታተላሉ። ለዘመናት ከጎጆዋ በር ውጭ ለቀሩት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተማሩትን ሰምቶ «ስተሃል» ወይም «ሂጂ፣ አስተምሪ» የሚላቸው ግን ገና የለም። በሌላው ወገን አራት ዓይናው መምህር ቅጥር ለመጠየቅ ወይም ደረጃ ለማስተካከል ወደ ቤተ ክህነት ቢሮ ሲሄድ የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ነው። ወንበሩ በልማዱ ወረቀት የሚሰጥ አይደለም፤ የሃያ ዓመት ትምህርት ከዲግሪ እኩል ነው፣ ከዲፕሎማ ነው፣ ወይስ ከሁለቱም በላይ ነው የሚለው ክርክር በየሀገረ ስብከቱ እየተነሣ ይወድቃል።